ላረጀ ውሻ ምን ይሻለዋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ቡችላ አመጋገብ ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ውሻው ደረጃ መውጣት ሲያቅተው፣ ሲከሳ ወይም ሲወፍር ግን «በቃ፣ አርጅቶ ነው» ይባልና ይታለፋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በብዛት አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ከሚያሳድጉ ሰዎች የሚነሱ ናቸው። መልሶቹም የእኛን ጓዳ፣ የእኛን ልኳንዳና የእኛን ጾም አስበው የተጻፉ ናቸው።

ውሻዬ ስንት ዓመት ሲሞላው ነው አረጀ የሚባለው?

እንደ ግዝፈቱ ነው። ትንንሾቹ እስከ 10 እና 11 ዓመት ድረስ ምንም አይሉም። እንደ ጀርመን ሸፐርድ ያለ ትልቅ ውሻ 7 ወይም 8 ዓመት ላይ ወደ እርጅናው ይገባል። ግሬት ዴንን የመሰሉት ግዙፎች ደግሞ 6 ዓመት ላይ ይጀምራቸዋል። የእኛ የሀበሻ ውሻ መካከለኛ ስለሆነ ከ8 ወይም ከ9 ዓመቱ ጀምሮ ልብ ብሎ ማየት ይገባል።

ችግሩ የውሻውን ዕድሜ በትክክል የሚያውቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። «ኮንዶሚኒየሙ የደረሰን ዓመት ነው ያመጣነው» ዓይነት መልስ ይሰማል። እሱም አይከፋም፣ ቢያንስ ማስላት ይቻላል። ያም ካልታወቀ አፉ ዙሪያ ያለው ሽበት፣ ዓይኑ ላይ የሚጥለው ሰማያዊ ጭጋግ፣ ከተኛበት ሲነሳ የኋላ እግሩን መጎተቱ ብዙ ይናገራሉ።

ዕድሜው ስለገፋ ብቻ ምግቡን መቀየር አለብኝ?

የለባችሁም። ኪሎው ካልተዛባ፣ ጸጉሩ ካማረ፣ ሰገራው ከጠነከረ የሚበላው ተስማምቶታል ማለት ነው። የለመደውን መቀጠል ይችላል።

ሱፐርማርኬት ውስጥ «ሲኒየር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ከረጢት ስታዩ አትደናገጡ። በአሜሪካ የእንስሳት መኖ ደረጃ የሚያወጣው አፍኮ የተባለው ማኅበር ለሚያድግ ውሻና ለአዋቂ ውሻ የተለያየ መስፈርት አለው፤ ለአረጋዊ ውሻ ብሎ የለየው ግን የለም። ስለዚህ ቃሉን እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል። አንዱ ካሎሪ ይቀንሳል፣ ሌላው ፕሮቲን ይጨምራል፣ ሦስተኛው ከረጢቱን ብቻ ያሳምራል። ከፊት ለፊቱ ይልቅ ጀርባውን አንብቡ። በኪሎ ስንት ካሎሪ እንዳለው፣ ለአዋቂ ውሻ የተሟላ ምግብ ነው መባሉን፣ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ከተከፈተ ከረጢት በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጥላችሁ ከሆነ አሽትቱት። የቆየ ዘይት ከሸተተ ተዉት።

ምን ያህል ላብላው? ወፍሯል ወይስ እንዲህ ነው የሚሆነው?

ከሁሉም ጥያቄ በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ይኼ ነው፤ ጠያቂው ግን ትንሽ ነው። ያረጀ ውሻ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል። ሳህኑ ግን እንደ ድሮው ይሞላል። ትርፉ ስብ ይሆንና ያመመውን መገጣጠሚያ ይጫነዋል።

መለኪያው እጃችሁ ላይ አለ። አንድ እጃችሁን ጨብጡና በሌላኛው ጣት የጡጫውን አንጓዎች ዳብሱ። የውሻው ጎድን እንደዚያ የሚቆረቁር ከሆነ ከስቷል። አሁን ጡጫውን ፍቱና መዳፋችሁን ዳብሱ። ጎድኑ እንደ መዳፍ ለስላሳ ከሆነና አጥንቱን መጫን ካስፈለጋችሁ ወፍሯል። የእጃችሁን ጀርባ ስትዳብሱ አጥንቱ ይገኛል፣ ግን አይቆረቁርም። የምንፈልገው እንደዚያ ነው። ከዚያ አከርካሪውንና ጭኑን ንኩ። አንዳንድ አሮጌ ውሻ ሆዱ ተነፍቶ ጀርባው የሰለለ ይሆናል። እሱን «ወፍሯል» ብሎ ምግብ መቀነስ ያለችውን ጡንቻ መጨረስ ነው፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

በቁጥር ለሚፈልግ፦ አብዛኛውን ቀን ተኝቶ የሚውል 10 ኪሎ ውሻ በቀን ከ470 እስከ 550 ካሎሪ ይበቃዋል። 20 ኪሎ የሚመዝነው ከ800 እስከ 900፣ 30 ኪሎ የሚመዝነው ከ1,080 እስከ 1,250 ገደማ። ይህ መነሻ ነው። ሁለት ሳምንት አብልታችሁ ጎድኑን እንደገና ዳብሱ። ከወፈረ በ10 በመቶ ቀንሱ። የሚቀንሰው ኪሎ በሳምንት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ከሆነ ደህና ነው፤ ከዚያ መፍጠን የለበትም።

ሚዛን የለኝም ማለት አያዋጣም። ውሻውን ታቅፋችሁ ተመዘኑ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዘኑ፣ ልዩነቱ የሱ ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆችም አሉ። ሁለቴ ትከፍላላችሁ እንጂ ይሠራል።

«አርጅቶ ምን ቀረው፣ ይብላ እንጂ» ለሚል ሰው የምነግረው አንድ ጥናት አለ። በአሜሪካ 48 ላብራዶሮች ከቡችላነታቸው ጀምሮ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ተከታትለዋቸው ነበር። ግማሾቹ ከሌሎቹ በ25 በመቶ ያነሰ ይበሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ውጤት እንደሚለው ብዙ የበሉት አማካይ ዕድሜ 11.2 ዓመት ሲሆን፣ ቀነስ ተደርጎ የተሰጣቸው 13 ዓመት ኖረዋል። የመገጣጠሚያ ሕመምም የጀመራቸው ዘግይቶ ነው። ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ በጭልፋ መጠን ብቻ ተገኘ ማለት ነው።

ሥጋ የአሮጌ ውሻ ኩላሊት ይጎዳል የሚባለው እውነት ነው?

ጤነኛ ኩላሊት ያለውን ውሻ ሥጋ አይጎዳውም። እንዲያውም ሲያረጅ ጡንቻው ስለሚሟሽሽ ጥሩ ፕሮቲን ይበልጥ ያስፈልገዋል። «አርጅቷልና ሩዝ ብቻ ይበቃዋል» ማለት ውሻውን ማክሳት ነው።

ኩላሊቱ መታመሙ በደምና በሽንት ምርመራ ከተረጋገጠ ነገሩ ይቀየራል። ያኔ በዋናነት የሚቀነሰው ፎስፈረስ ነው፤ ፕሮቲኑም ሐኪሙ በሚለው መጠን ይስተካከላል። አጥንት፣ የአጥንት ዱቄትና የሆድ ዕቃ ሥጋ ፎስፈረስ ስለሚበዛባቸው ይቀራሉ። ውጭ አገር ያላችሁ ለኩላሊት ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ በሐኪም ትእዛዝ በቀላሉ ታገኛላችሁ። እዚህ ግን ሁልጊዜ ገበያ ላይ ስለማይገኝ ከሐኪሙ ጋር ሆኖ የቤቱን ምግብ ማስተካከል ይሆናል።

የኩላሊት ችግር ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚታየው በውሃ ነው። ውሻ በቀን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በኪሎ ከጠጣ ከልክ አልፏል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ ሁለት ሊትር ነው። ጠዋት የሁለት ሊትሩን ሃይላንድ ሙሉውን ሳህኑ ላይ ገልብጡ። በማግስቱ ጠዋት አልቆ ሌላ የሚፈልግ ከሆነ ቀጠሮ ያዙ። ስኳር በሽታም እንዲሁ ያስጠማል። ብቻ ውሃውን እንዳትከለክሉት። «ግቢውን በሽንት አበላሸው» ተብሎ ሳህን የሚነሳባቸው ውሾች አሉ፤ የታመመ ኩላሊት ያለው ውሻ ውሃ ሲያጣ ቶሎ ይወድቃል።

እኛ የበላነውን ትራፊ ነው የሚበላው። ለምዶታል። ምን ችግር አለው?

እንጀራው ብዙም ችግር የለው። ችግሩ ወጡ ነው፤ ወጡ ውስጥ ደግሞ ሽንኩርቱ።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። ጥሬ ሆነ፣ ቁሌት ሆነ፣ ደርቆ ተፈጨ ያው ነው፤ ምግብ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም። በኪሎ ከ15 ግራም ጀምሮ ደሙ ላይ ለውጥ ይታያል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ግራም፣ ማለትም አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ባይበላውም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መብላቱ ይጠራቀማል። ለበዓል ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ቀልጦ ወጡ ውስጥ ስለሚጠፋ ለዓይን አይታይም እንጂ ውሻው ሳህን ላይ የሚያርፈው ሽንኩርት ነው። ሽሮም፣ ምስርም እንዲሁ። በዚያ ላይ ጨው፣ በርበሬና ዘይት አለ። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ጨዉን አይችልም።

«ዕድሜውን ሙሉ በልቶ ምን ሆነ?» የሚል አለ። ወጣት ውሻ የተሰበረውን ደም ቶሎ ይተካል። ያረጀውና የታመመው ያን ያህል አቅም የለውም። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ቡናማ ከሆነ፣ ትንሽ ተራምዶ ከተኛ ዛሬውኑ ውሰዱት። ምልክቱ ከበላ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚመጣ ሰው ከወጡ ጋር አያገናኘውም።

በውጭ አገር መጻሕፍት «ቅመም ሳይገባ የውሻውን ድርሻ አውጡ» የሚል ምክር አለ። እኛ ዘንድ አይሠራም። የእኛ ድስት የሚጣደው በሽንኩርት ነው። መለየት የሚቻለው መክተፊያው ላይ ብቻ ነው። ሥጋው ሲከተፍ የሱን እፍኝ ለይቶ በትንሽ ድስት፣ በውሃ ብቻ መቀቀል ነው።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ላብስልለት?

20 ኪሎ ለሚመዝን፣ ጤነኛ ለሆነ አሮጌ ውሻ የቀን ምግብ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ 250 ግራም ስብ ያልበዛበት ቀይ ሥጋ (ሳይበስል ተመዝኖ)፣ 250 ግራም የበሰለ ሩዝ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ዱባ ወይም ካሮት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የእንቁላል ቅርፊት ዱቄት። ወደ 800 ካሎሪ ይጠጋል። ለሁለት ጊዜ ይከፈል። በሩዙ ፋንታ ድንች፣ ማካሮኒ ወይም የበቆሎ ገንፎ ይሆናል። ሥጋው ከተወደደ ከፊሉን በእንቁላል ወይም ጨው በሌለው አይብ ተኩት። አይብ ለጥርሰ ደካማ ውሻ ጥሩ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ፕሮቲን አለው፣ የሚጠላውም አላየሁም።

የቅርፊቱ ዱቄት ጌጥ አይደለም። ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሥጋና ሩዝ ብቻ ለወራት የበላ ውሻ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ይወስዳል። ቅርፊቱን እጠቡት፣ ምጣድ ላይ አድርቁት፣ በቡና መፍጫ ወይም በሙቀጫ ዱቄት እስኪሆን አድቅቁት። አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም አለው። ሻካራ ሆኖ እንዳይቀር፣ ወንፊት ይለፍ።

ጉበት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በትንሹ። ቫይታሚን ኤ ስላለበት በየቀኑ ሲሆን ይበዛል። ሳንባ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይገዛዋል። በደንብ ተቀቅሎ ቢሰጥ ክፋት የለውም፣ ሥጋን ግን አይተካም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ምግቡ ሙሉ አይደለም። ዚንክ፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ አዮዲን ይጎድሉታል። እ.ኤ.አ. በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት የሰበሰቧቸውን 200 የቤት ውስጥ የውሻ ምግብ አሠራሮች ፈትሸው ነበር። 95 በመቶው ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ይጎድለው ነበር። አብዛኞቹን የጻፉት ደግሞ የእንስሳት ሐኪሞች ራሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ለሳምንታት የምታበስሉ ከሆነ የቫይታሚንና የማዕድን ማሟያ ከሐኪም ጠይቁ። ገንዘቡ ካለ ደግሞ ግማሹን የተሟላ ደረቅ ምግብ፣ ግማሹን የቤት ምግብ ማድረግ ብዙ ጉድለት ይሸፍናል።

ከልኳንዳ የሚሰጡኝን ሳንባና ጉበት ጥሬውን ብሰጠውስ? እኛም ጥሬ ሥጋ እንበላ የለ?

እኛ የምንበላው ጥሬ ሥጋ ተመርጦ የሚቆረጥ ነው። ለውሻ የሚሰጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተጣለው ነው። የተጣለበት ምክንያት አለው።

የከብት ወይም የበግ ሳንባና ጉበት ላይ ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዳንዴ አውራ ጣት ያህል ነው፣ አንዳንዴ ብርቱካን ያክላል። ያ የኢኪኖኮከስ ትል እጭ ያለበት ከረጢት ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታክል ትል ትሆናለች። ውሻው የታመመ አይመስልም። እንቁላሏ ግን በሰገራው ይወጣል፣ በጸጉሩ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ ወደ ልጆች እጅ፣ ወደ ሰላጣው ይሄዳል። ሰው ላይ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድግና ብዙ ጊዜ መጨረሻው ኦፐራሲዮን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በየቄራው የሚታይ በሽታ ነው።

ከረጢት ያለበትን አካል ለውሻ አትስጡ፣ ሜዳ ላይም አትጣሉ፤ ሌላ ውሻ ያነሳዋል። አቃጥሉት ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት። ንጹሕ የሚመስለውንም ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀቅሉ። ለትል የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ሐኪሙን ጠይቁ፤ ሁሉም የትል መድኃኒት ይህችን ትል አይገድልም።

አጥንትስ? ውሻና አጥንት መቼም...

የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ ስለት ይሆናል። አንጀት ይበሳል። ጠንካራው የከብት አጥንት ደግሞ ያረጀ ጥርስ ይሰብራል። የተፈጨውም ቢሆን አንጀቱ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይደርቅና ውሻው ለቀናት እያማጠ ይቀራል። የፋሲካ ማግስት ክሊኒክ የሚያጣብበው ይህ ነው።

መረቁን ስጡት። አጥንቱን ያለ ሽንኩርትና ያለ ጨው ቀቅሉ፣ አቀዝቅዙ፣ ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ግፈፉ፣ ሩዙ ላይ አፍስሱለት። አጥንቱ ይጣል።

ጾም ሲገባ ቤት ውስጥ ሥጋ አይገባም። ምን ላድርግ?

ውሻ አይጾምም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ወጣት ውሻ ሽሮና እንጀራ እየበላ ሊያልፈው ይችላል። አሮጌው ግን በሁለት ወር የሚያጣው ጡንቻ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል።

ልኳንዳው ሳይዘጋ ገዝታችሁ፣ በየቀኑ ድርሻ ከፋፍላችሁ፣ በላስቲክ አስራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ አንድ መንገድ ነው። ድስቱ የሱ ብቻ ይሁን፤ እናታችሁም ቅር አይላቸውም። ፍሪዘር ከሌለ እንቁላል አለ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲንና 70 ካሎሪ ያህል አለው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን ሁለት ወይም ሦስት የተቀቀለ እንቁላል፣ ከሩዝና ያለ ምንም ቅመም ከተቀቀለ ምስር ጋር ቢበላ ጾሙን በደህና ያልፋል። ምስሩ ፈርሶ ገንፎ እስኪመስል ይብሰል፣ አለበለዚያ ሆዱን ይነፋዋል።

ከጾሙ ይልቅ የፍስኩ ሌሊት ያስፈራኛል። ለሁለት ወር ቅባት ያልቀመሰ ውሻ በአንድ ቀን የበግ ጮማ፣ ላትና የዶሮ ቆዳ ሲጫንበት ቆሽቱ ይቆጣል። ያስመልሳል፣ ሆዱ ይታመማል፣ ጀርባውን አጉብጦ ይቆማል። ለአሮጌ ውሻ ይህ ሊገድለው ይችላል። እንግዳውም፣ ልጁም፣ ጥበቃውም ከየራሱ ሳህን «ትንሽ» ስለሚወረውርለት ጥፋቱ የማንም አይሆንም። በዓል ቀን ውሻውን ጓሮ አስሩት፣ የሚያበላውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

ጥርሱ አልቋል። ምን ይብላ?

ደረቁን ምግብ ለብ ባለ ውሃ 10 ወይም 15 ደቂቃ ዘፍዝፉት። የቤቱን በሹካ ፍጩት። ግን አፉን ከፍታችሁ እዩ። ድዱ ከቀላና ከሸተተ ችግሩ ምግቡ አይደለም፣ የበሰበሰ ጥርስ ነው። ሲነቀልለት እንደገና ይበላል።

መብላት እያስጠላው ነው። ወጥ ጠብ ሳደርግበት ብቻ ይበላል።

ወጡን ተዉት። ያረጀ ውሻ የማሽተት አቅሙ ስለሚቀንስ ምግቡ ሽታ የሌለው ይሆንበታል። ለብ አድርጉት። ማንኪያ የዶሮ መረቅ ወይም ትንሽ የተጠበሰ እንቁላል ጨምሩበት። በቀን ሁለት ጊዜ የነበረውን ሦስት ወይም አራት ጊዜ አድርጋችሁ አሳንሱት። አንገቱን ማጎንበስ የሚያመው ውሻ አለ፤ ሳህኑን ዱካ ላይ አስቀምጡለት።

ሙሉ ቀን ምንም ካልቀመሰ፣ ወይም እየበላ ከክብደቱ 10 በመቶውን ካጣ ግን ጉዳዩ ከጓዳ ወጥቷል።

እህቴ ከአሜሪካ ለመገጣጠሚያው ግሉኮሳሚን ልትልክለት ነው። ይጠቅመዋል?

ሻንጣው ላይ ቦታ ካለ ክፋት የለውም። እንደሚሠራ የሚያሳየው ማስረጃ ግን ደካማ ነው። ምርጫ ካላችሁ የዓሣ ዘይት ትላክ፤ ኦሜጋ 3 ለመገጣጠሚያ ሕመም የተሻለ ማስረጃ አለው። መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ፣ ከበዛ ያስቀምጣል። «ኮድ ሊቨር» የሚለውን ግን አትቀበሏት። እሱ ከጉበት የሚወጣ ስለሆነ ቫይታሚን ኤና ዲ ይበዛበታል። ከሁለቱም በላይ የሚጠቅመው ደግሞ ነጻ ነው፦ ከወፈረ ኪሎ መቀነስ።

አንድ ነገር በአንክሮ፦ ከቤት መድኃኒት ሣጥን ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል አንስታችሁ እንዳትሰጡት። የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት መውደቅ ያመጣሉ፤ ፓራሲታሞሉ ደግሞ ጉበት ያጠፋል። «ግማሽ ፍሬ ብቻ» የሚባለው ግማሽም ይገድላል።

ጨርሶ መንካት የሌለበት ምንድን ነው?

ከሽንኩርት ሌላ፦ ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይን፣ ስኳር የለውም የሚባል ማስቲካ (ዛይሊቶል አለበት)፣ ያልተጋገረ የዳቦ ሊጥ፣ የጠላ አተላ። ቡና በምናፈላበት ቤት ደግሞ ጀበናው ሥር የሚቀረውን ዝቃጭ አስቡ። ግቢ ውስጥ አበባ ሥር ይደፋል፣ ውሻውም ያገኘዋል። ካፌይኑ ልቡን ያስሮጠዋል። የአቮካዶ ውስጥ ያለው ጠንካራ ፍሬ አንጀት ይዘጋል።

ወተትስ?

ብዙ አዋቂ ውሻ ወተት አይፈጭም፤ ያስቀምጠዋል። እርጎ የተሻለ ነው።

አዲሱን ምግብ በአንድ ቀን ልቀይርለት?

ከ7 እስከ 10 ቀን ስጡት። መጀመሪያ ሩቡን አዲስ፣ ቀሪውን የለመደውን። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ግማሽ በግማሽ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ። ካስቀመጠው አንድ እርምጃ ተመለሱና እዚያው ላይ ጥቂት ቀን ቆዩ። ደም ያለበት ተቅማጥ ከሆነ አትጠብቁ።

ሐኪም ጋ ስወስደው ምን ይዤ ልሂድ?

ከ8 ዓመት በላይ የሆነውን ውሻ በዓመት ሁለቴ ማሳየት ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። የደምና የሽንት ምርመራ እዚያው እንደሚሠሩ አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ።

ሳምንት ሙሉ የበላውን ሳህኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «ሁሉን ይበላል» ከሚል መልስ ያ ፎቶ ይሻላል። የደረቅ ምግቡን ከረጢት ጀርባም አንሱት። የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ ያዙ፣ ከአሜሪካ የመጣውን ጨምሮ። ያለፉትን ወራት ኪሎ ጽፋችሁ ከሆነ አምጡ። ሰገራ ደግሞ የዚያኑ ቀን ጠዋት፣ ክዳን ባለው ዕቃ። የትናንቱን ይዛችሁ ከሄዳችሁ መልሰው ይልኳችኋል።